ድምፅን ማቆየት፦ የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ታሪክ

የኢትዮጵያ አንባቢ ስኮትላንድን በቅድሚያ የሚያውቃት በአንድ ልጇ ስም ነው። እርሱም በ1769 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ በ1770 ጎንደር የገባው፣ ያየውንና የሰማውንም በ1790 በአምስት ጥራዝ አሳትሞ ለዓለም ያቀረበው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በወጣትነቱ ለአጭር ጊዜ ሕግ የተማረው በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይህ ሰው የሩቅ አገር ነገሥታትን ታሪክና የሕዝቡን ልማድ መዝግቦ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በገዛ ወገኖቹ መካከል የሚኖረው ደጋማ ገበሬና የደሴት ዓሣ አጥማጅ ምሽት ምሽት በእሳት ዳር የሚተርከውን ተረትና የሚያዜመውን ዜማ የሚመዘግብ ዩኒቨርሲቲ በአገሩ አልነበረም። ይህ ጉድለት እስኪሟላ ድረስ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት። የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋምን የመሠረተው በ1951 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ተቋም ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የሊቃውንትና የባለ ቅኔዎች ታሪክ ተደርጎ ነው። አነጋገሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምሉዕ አይደለም። በየዘመኑ ከጥፋት የተረፈው ምን እንደሆነና ሳይተርፍ የቀረው ምን እንደሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ከሰብሳቢው ዕውቀት ጋር በእጁ የነበረውን መሣሪያ መመርመር ይገባዋል። ብዕር የሚያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰም የሚያስቀረው ሌላ ነው፤ መግነጢሳዊ ቴፕ የሚያስቀረው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ታሪክ በከፊል የምህንድስና ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አደባባዩና ጎረቤቱ

ጆርጅ አደባባይ በኤዲንበርግ ከተማ ከጥንታዊው ክፍል በስተ ደቡብ በ1760ዎቹ የተቆረቆረ፣ መካከሉ የአትክልት ሥፍራ የሆነ ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ ዩኒቨርሲቲው፣ ብዙ ተቃውሞ ቢነሣበትም፣ የደቡቡንና የምሥራቁን ረድፍ ጥንታዊ ቤቶች በአመዛኙ አፍርሶ በምትካቸው ረጃጅም የመማሪያና የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች አቆመ። የምዕራቡ ረድፍ ግን ከመፍረስ ተረፈ። የስኮትላንድ ጥናት ተቋምም ለብዙ ዓመታት የኖረው በዚሁ ረድፍ፣ ከቁጥር 27 እስከ 29 ባሉት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ነበር። የሚፈርሰውን ለመመዝገብ የተቋቋመው ድርጅት ከመፍረስ በተረፈ ቤት ውስጥ መኖሩ አጋጣሚ ቢሆንም፣ በእነዚያ ዓመታት ወደ ሥፍራው የሄደ ጎብኚ ሳያስተውለው አያልፍም።

ጎብኚው ጥቂት እርምጃ አለፍ ቢል በ25 ቁጥር ሌላ ታሪካዊ ቤት ያገኛል። ይህ ቤት የደራሲው የሰር ዋልተር ስኮት አባት መኖሪያ የነበረና ስኮት ልጅነቱንና ወጣትነቱን ያሳለፈበት ነው። ስኮት ልብ ወለድ ደራሲ ከመሆኑ በፊት በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ በቃል ሲወርዱ የቆዩትን ባላድ የሚባሉ ታሪክ ተራኪ ዘፈኖች ሰብስቦ በ1802 እና በ1803 አሳትሟል። ዘፈኖቹን ከሰጡት ሰዎች አንዷ የባለ ቅኔው የጄምስ ሆግ እናት ማርጋሬት ሌይድሎ ነበሩ። ልጃቸው እንደ ጻፈው፣ እኚህ ባልቴት መጽሐፉ ታትሞ ባዩ ጊዜ በመደሰት ፈንታ ስኮትን ወቀሱት። ዘፈኖቹ የተሠሩት ሊዘፈኑ እንጂ ሊነበቡ እንዳልሆነ፣ በወረቀት ላይ በመታተማቸውም ኃይላቸው እንደ ጠፋና ከእንግዲህ ማንም እንደማይዘፍናቸው ነገሩት።

የባልቴቲቱ ወቀሳ ለቀጣዩ መቶ ሃምሳ ዓመት መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሆኖ ቆየ። ስኮት የነበረው መሣሪያ ብዕር ብቻ ነው። ብዕር ቃሉን ይይዛል፤ ዜማውን፣ የትንፋሹን እርዝመት፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ፣ ዘፋኙ ቆም የሚልበትንና የሚቸኩልበትን ሥፍራ ግን ይለቃል። ይባስ ብሎም ስኮት ስንኞቹን እያቃናና እያሳመረ ያሳትም ስለ ነበር፣ በወረቀቱ ላይ የቀረው የባልቴቲቱ ቃል ብቻ ሳይሆን የእርሱም ጭምር ነበር።

የፀሐይ መዝጋቢውና የተረት መዝጋቢው

ከስኮት በኋላ ከተነሡት ሰብሳቢዎች መካከል ለመሐንዲስ አንባቢ ልዩ ትኩረት የሚገባው ጆን ፍራንሲስ ካምቤል ነው። ካምቤል በአይላ ደሴት ያደገ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን የባሕር መብራት ማማዎችን ለሚመረምር ኮሚሽን ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል። በ1853 ውሃ የተሞላ የመስተዋት ሉል በእንጨት ሳህን ላይ አስቀምጦ፣ ፀሐይ በሉሉ አማካይነት እንጨቱን እያቃጠለች የወጣችበትንና የተሸፈነችበትን ሰዓት በራሷ እጅ እንድትጽፍ አደረገ። ይህ መሣሪያ በ1879 በሰር ጆርጅ ስቶክስ ተሻሽሎ የካምቤልና ስቶክስ የፀሐይ ብርሃን መዝጋቢ በሚል ስም በዓለም ዙሪያ በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ሲያገለግል ኖሯል።

ይኸው ሰው ነው ከ1860 እስከ 1862 የምዕራብ ደጋማ አገር ተረቶችን በአራት ጥራዝ ያሳተመው። የአሠራር ዘዴው ከፀሐይ መዝጋቢው ጋር ይመሳሰላል። መዝጋቢው በተመዘገበው ነገር ላይ የራሱን እጅ ማስገባት የለበትም። በዚህ መርሕ መሠረት ካምቤልና ረዳቶቹ ተረቱን ተራኪው በተናገረበት በጌሊክ ቋንቋ፣ በተናገረው አኳኋን ጻፉ፤ የተራኪውንም ስምና ሥፍራ ከሥሩ አኖሩ። የስኮት ዘመን ሰብሳቢ ያሳምር ነበር፤ ካምቤል ግን ለካ። ይሁን እንጂ ፀሐይን በራሷ እንድትጽፍ ያደረገው ሰው፣ የሰውን ድምፅ በራሱ እንዲጽፍ የሚያደርግ መሣሪያ አላገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ስኮትላንድ ሦስት ቋንቋ የሚሰማባት አገር ናት። እነርሱም በደጋውና በምዕራብ ደሴቶች የሚነገረው ጌሊክ፣ በቆላው የሚነገረው ስኮትስ፣ እንዲሁም የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ የሆነው እንግሊዝኛ ናቸው። በ1746 በከሎደን ጦርነት የደጋው ሠራዊት ከተሸነፈ በኋላ የጎሳው ሥርዓት ፈረሰ፤ ቀጥሎም ባለ ርስቶች ለበግ እርባታ ሲሉ ጭሰኞቻቸውን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ስለ ጌሊክ አንድም ነገር ስላላነሣ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በእናታቸው ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። በ1901 ቆጠራ 230 ሺህ ያህል የነበረው የጌሊክ ተናጋሪ ቁጥር በ1951 ወደ 95 ሺህ፣ በ2011 ደግሞ ወደ 57 ሺህ ወርዷል። ተቋሙ በተመሠረተበት ዓመት ታላላቆቹ ተራኪዎች በአብዛኛው ያረጁ ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር የሚጠፋው በሌላ ሥፍራ ግልባጭ የሌለው መዝገብ ነበር።

ሰሙና ወርቁ

ድምፅን በራሱ እንዲጽፍ የሚያደርገው መሣሪያ የመጣው በኤዲሰን ፎኖግራፍ ነው። የድምፁ ግፊት ስስ ልባስን ያርገበግባል፤ ከልባሱ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር የሰም ሲሊንደር ላይ ቦይ ይቀዳል። በ1935 የተቋቋመውና በፕሮፌሰር ሼመስ ኦዲላርጋ ይመራ የነበረው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ ለመስክ ሠራተኞቹ አድሎ ነበር። ሰብሳቢው ሲሊንደሮቹን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስና ድምፁን እያሰማ፣ እያቆመና እየመለሰ ቃል በቃል በእጁ ይገለብጠዋል። ግልባጩ ካለቀ በኋላ ሰሙ በስሱ ይፋቅና ለሌላ ቀረጻ ይዘጋጃል። ሲሊንደር ውድ ነበር፤ የኮሚሽኑ በጀት ደግሞ ጠባብ ነበር።

በሰምና ወርቅ ቅኔ ያደገ አንባቢ ይህን ሲሰማ ጉዳዩ ፈጥኖ ይገባዋል። የኮሚሽኑ ሰዎች ወርቁ ቃሉ ነው ብለው አመኑ፤ ወርቁን በወረቀት ላይ ካወጡ በኋላ ሰሙን ፋቁ። ማርጋሬት ሌይድሎ ቢጠየቁ ኖሮ ግን ወርቁ በሰሙ ውስጥ ቀርቷል ባሉ ነበር። ሰብሳቢዎቹን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ባይገለብጡት ኖሮ ቃሉም በጠፋ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ድምፅን መያዝ እየቻለ፣ በዋጋው ምክንያት ድምፁ ሳይቀር መቅረቱ ለማንኛውም የሙያ ሰው የሚያስተምረው ነገር አለ። አንድ ቴክኒክ ተፈለሰፈ ማለት ለተፈለገው ሥራ ዋለ ማለት አይደለም።

በዚህ ኮሚሽን ውስጥ ከሠለጠኑት አንዱ በ1915 በራሴ ደሴት የተወለዱት ሚስተር ካለም ማክሊን ነበሩ። እርሳቸው የታላቁ የጌሊክ ባለ ቅኔ የሶርሊ ማክሊን ወንድም ሲሆኑ፣ በኤዲንበርግ ከተማሩ በኋላ ወደ አየርላንድ ተሻግረው ሙያውን እዚያ ተማሩ። በ1945 መጨረሻ ኮሚሽኑ ወደ ትውልድ አገራቸው ደሴቶች ላካቸው። ከተራኪዎቻቸው መካከል አንዳንዱን ተረት ተርከው ለመጨረስ በርካታ ሰዓታት ይወስድባቸው የነበሩት የቤንቤኩላው አንገስ ማክሚላን ይገኛሉ። አንድ የሰም ሲሊንደር ከአሥር ደቂቃ ገደማ በላይ እንደማይዝ ለሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ተረት መቅዳት ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የተቋሙ መመሥረት

የአየርላንድ ኮሚሽን የስኮትላንድን ሀብት ሲሰበስብ ስኮትላንድ ራሷ ዝም ማለቷ የኤዲንበርግ ሊቃውንትን ማሳፈሩ አልቀረም። የእንግሊዝኛ ቋንቋው ፕሮፌሰር አንገስ ማኪንቶሽ፣ የኬልቲክ ጥናቱ ፕሮፌሰር ኬኔት ጃክሰንና የሙዚቃው ፕሮፌሰር ሲድኒ ኒውማን ጉዳዩን ከገፉት መካከል ነበሩ። አስቀድሞ በ1949 የስኮትላንድ የቋንቋ ቅየሳ በዩኒቨርሲቲው ተጀምሮ ስለ ነበር መሠረቱ ተጥሏል። በ1951 ተቋሙ ሲከፈት የመጀመሪያው የመስክ ሰብሳቢ ሆነው የተቀጠሩት ካለም ማክሊን ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በዚያው ዓመት ጥር ወር በሎካበር አውራጃ ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ አሜሪካዊው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ አለን ሎማክስ የቴፕ መቅጃውን ይዞ ወደ ስኮትላንድ መጣ። በሰሜን ምሥራቅ የእርሻ አገር እየመሩ ያዞሩት ሚስተር ሐሚሽ ሄንደርሰን ነበሩ። ሎማክስ የቀዳውን በግልባጭ ለተቋሙ ስለ ሰጠ ቤተ መዛግብቱ በተወለደበት ዓመት አንድ ታላቅ ክምችት አገኘ። ከሁሉ በላይ ግን የሎማክስ ጉዞ የሥራውን መሣሪያ አሳየ። ቴፕ እንደ ሰም አይፋቅም፤ ድምፁ ከተገለበጠም በኋላ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ በተቋሙ አሠራር ዋናው ሰነድ ቴፑ ሆነ፤ ወረቀቱ የቴፑ ረዳት ሆነ። የማርጋሬት ሌይድሎ ወቀሳ ሙሉ መልስ ባያገኝም ቢያንስ ሰሚ አገኘ።

ካለም ማክሊን ለተቋሙ የሠሩት ዘጠኝ ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በ1957 በካንሰር ምክንያት የግራ እጃቸው ተቆረጠ። እርሳቸው ግን መስክ መውጣቱን አልተዉም፤ በቀረው እጃቸው መጻፉንም ቀጠሉ። ስለ ደጋው አገር የጻፉት መጽሐፍ በ1959 ታተመ፤ በነሐሴ 1960 በደቡብ ዩስት ደሴት በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ብቻቸውን የሰበሰቡት ብዛት ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ነው ቢባል ያለ አግባብ አይሆንም።

የተናቁት ባለ ሀብቶች

ሐሚሽ ሄንደርሰን በ1919 በብሌርጋውሪ የተወለዱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በስለላ መኮንንነት የተዋጉ ባለ ቅኔ ነበሩ። በተቋሙ ውስጥ የሠሩት ታላቅ ሥራ ሌሎች ሊቃውንት ወዳልደረሱበት ደጅ መሄዳቸው ነው።

ከእርሳቸው በፊት በአበርዲን አውራጃ መምህሩ ጋቪን ግሬግና ቄስ ጄምስ ዳንከን ከሦስት ሺህ በላይ ዘፈኖች ሰብስበው ነበር። ከዚህ ክምችት ባላዶቹ ተመርጠው በ1925 ሲታተሙ ለመጽሐፉ የተሰጠው ስም የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሚል ሐሳብ የያዘ ነበር። ይኸውም ዛፉ ረግፏል፤ ከእንግዲህ የሚሰበሰብ የለም ማለት ነው። በ1953 ሄንደርሰን በአበርዲን ከተማ ወይዘሮ ጂኒ ሮበርትሰን የተባሉ ሴት አገኙ። ወይዘሮ ጂኒ በ1908 የተወለዱ ሲሆን ወገናቸው ተጓዦች ከሚባሉት፣ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ እየዞሩ ቆርቆሮ በመሥራት፣ በመነገድና በቀን ሥራ ከሚተዳደሩት ሰዎች ነበር። እኚህ ሴት ረግፈዋል የተባሉትን ባላዶች ከነዜማቸው፣ ከእናታቸው እንደ ወረሱት፣ ሙሉ ለሙሉ ይዘው ተገኙ። በ1968 መንግሥት ለዚሁ ሥራቸው ኒሻን ሸልሟቸዋል።

ነገሩ በአንድ ሰው የሚቆም አልሆነም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ተጓዦቹ የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ ለመልቀም በብሌርጋውሪ ማሳዎች ይሰበሰቡ ነበር። ሄንደርሰን በ1950ዎቹ አጋማሽ በየድንኳኑ መካከል እየተዘዋወሩ፣ ቀን ለቃሚ የነበረው ሁሉ ማታ በእሳት ዙሪያ ሲዘፍንና ሲተርክ ቀዱ። ከቴፑ ማነስ በቀር የሚቀዳ ነገር ማነስ አልታየም።

ይህ ሁሉ ሀብት ለምን ሳይታይ ቆየ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከመሣሪያ ጋር አይገናኝም። ተጓዦቹ በሰፈረው ሕዝብ ዘንድ የተናቁ ነበሩ። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዕውቀት ያለው አይመስልም ነበር። ቀጥቃጭንና ሸማኔን ሲንቅ፣ አዝማሪን በግብር ላይ እያዘፈነ ከማዕዱ ሲያርቅ ለኖረ ኅብረተሰብ ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። በጣም ጥሩ የተባለ መቅጃ ቢሆን ወደ ትክክለኛው ሰው ካልቀረበ የሚቀዳው ነገር የለም፤ ሄንደርሰን ከሌሎች የሚለዩትም መሣሪያውን በማቅረባቸው ነው።

አንዱ መስመር፣ ሁለቱ ሥራ

የተቋሙ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንድ ታላቅ የምህንድስና ሥራ ጋር ገጥመዋል። በቶም ጆንስተን አነሳሽነት በ1943 የተቋቋመው የሰሜን ስኮትላንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ ቦርድ ግድቦችን፣ በተራራ ውስጥ የሚያልፉ ዋሻዎችንና የማስተላለፊያ መስመሮችን እየዘረጋ ነበር። ከታላላቆቹ ጣቢያዎች የመጀመሪያው የሆነው የሎክ ስሎይ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1950፣ ማለትም ተቋሙ ከመመሥረቱ አንድ ዓመት በፊት ነው።

የዚያን ዘመን የቴፕ መቅጃ እስከ ሃያ ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ የሚመዝን፣ በቫልቭ የሚሠራ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሻ መሣሪያ ነበር። መብራት ባልገባበት ቤት ለመቅዳት የፈለገ ባትሪና የኃይል መለወጫ ተሸክሞ መሄድ ነበረበት። መስመሩ በገባበት መንደር ግን ሰብሳቢው መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ሰክቶ የተራኪውን ድምፅ ጥርት አድርጎ መቅዳት ቻለ።

ይሁን እንጂ በዚያው መስመር ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ገቡ። በጌሊክ አገር ካሊ ቤት ይባል የነበረው ጎረቤት ሁሉ ምሽቱን ተሰብስቦ ተረት የሚሰማበት ቤት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሣጥን ከፍቶ መቀመጥ ሲጀምር ባዶ ሆነ። ተራኪ ያለ አድማጭ አይኖርም። አንዱ መስመር ድምፁን ለመቅዳት ኃይል ሰጠ፤ ያው መስመር ድምፁ የሚኖርበትን ቤት ዘጋ። መሐንዲሶቹ በዚህ አይወቀሱም፤ በኩራዝ ብርሃን የኖረች የደሴት እናት መብራቱን የተቀበለችው በምስጋና ነው። ግን የልማት ሥራ ሒሳብ ሲሠራ፣ ከሚጨመረው ጎን የሚቀነሰውም መጻፍ እንዳለበት የተቋሙ ቴፖች ምስክር ናቸው።

በቴፕ ክፍሉ ውስጥ

ተቋሙ ባለፉት አሥርተ ዓመታት እየሰፋ ሄደ። በ1957 የምርምር መጽሔቱን ማሳተም ጀመረ፤ የቦታ ስሞች ጥናትም በዊልሄልም ኒኮላይሰን መሪነት ተደራጀ። በ1971 ቶከር የተባለው መጽሔትና የተቋሙ የሸክላ ተከታታይ ሕትመት ወጡ። ቶከር በስኮትስ ቋንቋ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትሄደው ሀብት ማለት ነው፤ ለተቀዳ ቅርስ የሚስማማ ስም ነው። በ1980ዎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ተጨመረ።

በእነዚያ ዓመታት በጆርጅ አደባባይ ወዳለው ቤት የገባ ጎብኚ መጻሕፍትና ፎቶግራፎች ማየቱ አያስደንቅም። ትኩረቱን የሚስበው የቴፕ ክፍሉ ነው። እንደ ፍሬድ ኬንት ያሉ የድምፅ ቴክኒሻኖች የሠሩት በዚህ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ቴፕ የተቀዳበት ዓመትና የተራ ቁጥር ያለበት ምልክት ይሰጠዋል፤ በቁጥሩ መሠረትም ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ተቀዳ የሚለው ይመዘገባል። አርእስት፣ መለኪያና ፊርማ የሌለበት የምህንድስና ንድፍ ምንም ያህል ቢያምር ሥራ ላይ እንደማይውል ሁሉ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅም ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ጆን ፍራንሲስ ካምቤል የጀመረው የስምና የሥፍራ መርሕ እዚህ ላይ ወደ ፋይል ቁጥርነት ተለውጧል።

ቴፕ ራሱ የሚያሳስብ ነገር ነው። የ7 ኢንች ጥቅል፣ 1,200 ጫማ ርዝመት ያለው ቴፕ፣ በሴኮንድ 7.5 ኢንች ሲሮጥ የሚይዘው 32 ደቂቃ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ቢቀነስ ጊዜው በእጥፍ ይጨምራል፤ የድምፁ ጥራት ግን ይወርዳል። ተራኪው በተረቱ መካከል ሳለ ጥቅሉ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ መወሰን የሰብሳቢው የዘወትር ፈተና ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የመቀመጫው ችግር ይመጣል። የቀድሞው ቴፕ መደብ አሴቴት ነው፤ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ የሆምጣጤ ሽታም ያወጣል። በተጠቀለለበት አንዱ ንብርብር መግነጢሱን ለሌላው ስለሚያጋባ ከድምፁ ቀድሞ የገደል ማሚቶ የሚመስል ይሰማል። አሮጌው ተገልብጦ በአዲስ ቴፕ ይቀመጥ ቢባል፣ እኩል ጩኸት ባላቸው ሁለት ቴፖች መካከል የሚደረገው የመጀመሪያው ግልባጭ ብቻ የጩኸቱን ኃይል በእጥፍ፣ ማለትም በ3 ዴሲቤል ያህል ያሳድጋል። ከሁሉም የከፋው የመጫወቻው ጉዳይ ነው። ፋብሪካዎች መሣሪያውንና መለዋወጫውን መሥራት ባቆሙ ጊዜ፣ ቴፑ ደህና ሆኖ ሳለ ድምፁ ሊዘጋ ይችላል።

ከቴፕ ወደ ቁጥር

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ድምፁን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ቁጥር በትክክል ሲገለበጥ አይደክምም፤ መቶኛው ግልባጭ ከመጀመሪያው አይለይም። ለቤተ መዛግብት ተስማሚ በሆነው በሴኮንድ 96 ሺህ ናሙናና በ24 ቢት ልክ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ባለ አንድ መሥመር ድምፅ የሚይዘው ቦታ ወደ 1 ጊጋባይት ነው። ይህም በብዙ ሺህ ሰዓታት ሲባዛ የሚያስፈልገው ማከማቻ፣ ወጪና ሠራተኛ ቀላል አይደለም።

ሥራው በ2006 በይፋ ተጀመረ። የተቋሙን ክምችት፣ የቢቢሲን የጌሊክ ቀረጻዎችና ጆን ሎርን ካምቤል በካና ደሴት የሰበሰቡትን ክምችት ያጠቃለለ ሲሆን፣ ማዕከሉ በስካይ ደሴት የሚገኘው የጌሊክ ኮሌጅ ሆነ። ስሙ በጌሊክ የቅርስ ምንጭ፣ በስኮትስ ደግሞ የሀብት ሣጥን የሚል ነው። በታኅሣሥ 2010 ድምፆቹ በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፈቱ። ሁሉም ግን አልተከፈተም፤ ለሕዝብ የሚወጣው የባለ ድምፁ ወይም የወራሾቹ መብት ተጠብቆ ነው። በዚህ መንገድ በስደት ካናዳና አውስትራሊያ የሚኖር የልጅ ልጅ፣ በሕይወት ያላገኘውን የአያቱን ድምፅ የመስማት ዕድል ተከፈተለት።

ይህ ከመሆኑ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ተቋሙ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ከኬልቲክ ጥናት ክፍል ጋር ተዋሕዷል። ስሙ ለቤተ መዛግብቱ ቀረ። በአደረጃጀት ለውጥ ውስጥ ማለፍ የማንኛውም ተቋም ዕጣ ነው። ተቋም ይጣመራል፣ ይከፈላል፣ ስሙ ይለወጣል። የማይለወጠው፣ ቁልፉን የሚይዝ፣ መዝገቡን የሚያውቅና ከአሮጌው መሣሪያ ወደ አዲሱ በጊዜው የሚያሻግር ሠራተኛ ማስፈለጉ ነው። የቁጥር ግልባጭም ቢሆን ተቀምጦ የሚተው ነገር አይደለም። ዲስኩ ያረጃል፤ የፋይሉ ዓይነት ይሻራል፤ በየጥቂት ዓመቱ ማዛወር ግዴታ ነው። ሰሙን መፋቅ በሃያ አንደኛው መቶ ዓመትም ይቻላል፤ ልዩነቱ አሁን ማንም ሳያየው መፋቁ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሙያ ሰዎች የሚያስተላልፈው ግልጽ ነው። በ1963 በስድስት ኪሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የብራናውንና የመጽሐፉን ሀብት ለመሰብሰብ ታላቅ መሠረት ጥሏል። በቃል የሚኖረው ግን የበዛ ነው። የቅኔ ቤቱ ዜማ፣ የሽለላውና የፉከራው፣ የለቅሶው ግጥም፣ የሽምግልናው አነጋገር፣ ከሰማንያ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የሚተረከው ተረት የሚገኘው በሽማግሌዎች አንደበትና በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ባሉ የሸክላና የቴፕ ክምችቶች ነው። ሽማግሌውን የሚጠይቀው የቋንቋ ሊቅ ነው፤ ቴፑን ከመበስበስ የሚያድነው፣ የመጫወቻውን መሣሪያ የሚጠግነው፣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠረው፣ ግልባጩን የሚያዛውረው ግን መሐንዲስና ቴክኒሻን ነው።

የማርጋሬት ሌይድሎ ወቀሳ በሊቃውንት ብቻ የሚመለስ አልነበረም። ሊቃውንቱ ጥያቄው ትክክል መሆኑን ተረዱ፤ መልሱ የመጣው ግን ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ፣ መሣሪያውን ወደ ተናቀው ሰው ድንኳን የሚሸከም ሰብሳቢ፣ የተያዘውንም ለሃምሳ ዓመት ሳይሰለች የሚጠብቅ ቴክኒሻን በአንድ ቤት ሲገናኙ ነው። በኤዲንበርግ ሦስቱ የተገናኙት ብዙ ነገር ከጠፋ በኋላ ነበር። በሌላ አገር ግን ቀደም ብለው እንዲገናኙ ማድረግ ይቻላል።